የዶለዶመው ምሳር

ከአጋርፋ ከተማ በላይ፣ የስንዴና የገብስ ማሳው አልቆ ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ አንድ መንደር ነበረ እንበል። ከመንደሩ በላይ ጥድና ኮሶ፣ ከጥዱ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጭጋግና ውርጭ። ከጥዱ ሥር አንድ ምንጭ ይፈልቃል። ሰውም ከብቱም ከእሱ ይጠጣል፤ የተረፈው ቁልቁል ወርዶ ዌይብን ይቀላቀላል። ዌይብም ደጋውን ለቆ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ቆላውን ያጠጣል። መንደሩ ምንጩን የራሱ ብቻ አድርጎ ቢያየውም ብዙ አገር ከሥሩ ተጠግቶበታል።

አንድ በጋ ምንጩ ቀጠነ። ሴቶች አንድ ጀሪካን ለመሙላት ከጎህ እስከ ረፋድ መሰለፍ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ደኑ መሳሳቱ አላከራከረም፤ ደን ሲሳሳ ምንጭ እንደሚደርቅ እረኛ ልጅም ያውቃል። ያከራከረው መፍትሔው ነበር። አንዱ ዘበኛ ይቁም አለ፣ ሌላው አጥር ይታጠር አለ። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሰው ተናገሩ።

«ዛፉን የሚበላው ምሳር ነው። ምሳር ጥርሱ ከወለቀ ምን ይበላል? ደን የሚገባ ሁሉ ምሳሩን በሩ ላይ ያዶልድም።»

ሸንጎው ተስማማ። ወደ ደኑ በሚያስገባው መንገድ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ ተተከለ፤ ሁለት ጎረምሶች እየተፈራረቁ ይጠብቁታል። ምሳር ይዞ የሚያልፍ ሰው ስለቱን በድንጋዩ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታል። ገጀራም እንደዚያው፣ ቢላዋም እንደዚያው። ሕጉ እንዳይፈርስ ደግሞ ቀጥቃጩ ወናፉን እንዲያወርድ ተነገረው።

ቀጥቃጩ በሸንጎው ላይ ቦታ አልነበረውም። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን ከእሱ እጅ የሚቀበል መንደር ከእሱ ጋር በአንድ አግዳሚ መቀመጥን ይጸየፍ ነበር። ይህ በአገራችን ብዙ ቦታ በብረት ሠራተኛ ላይ የተፈጸመ የቆየ በደል ነው፤ የመንደሩም ስሕተት ከዚያ ይጀምራል። ስለ ምሳር ሲመከር ምሳርን የሚያውቀው ሰው አልተጠየቀም። ሽበቱ ከብዙዎቹ ሽማግሌዎች ባያንስም የመጣው መልእክተኛ «አንተ» ብሎ ትእዛዙን አድርሶለት ሄደ። እሱም መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ወናፉን በአህያ ጭኖ ወደ ሮቤ ወረደ።

በዚያ በጋ ከደኑ የምሳር ድምፅ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ማለዳ ማለዳ ጆሯቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ፤ ከወፍ በስተቀር የሚሰማ የለም። ደስ አላቸው።

ደኑ ውስጥ ግን እንዲህ ነበር። በአባቶቻቸው ዘመን ነፋስ የጣለው አንድ ትልቅ ጥድ ከመንገዱ ጎን ተጋድሟል። የጥድ ልብ ቀይ ነው፤ ምስጥም ብስባሽም ቶሎ አይደፍረውም፤ ለዚህም ነው ሰው ለአጥር ቋሚ የሚመርጠው። ሹል ምሳር እንዲህ ያለውን ግንድ በቃጫው አቅጣጫ ካገኘው ከላይ እስከ ታች ይከፍለዋል፤ ከአንዱ ግንድ የሚወጣው ፍልጥ ለብዙ ቤት የወራት ማገዶ ነው። አሁን የመንደሩ ጎረምሶች ሲመቱት ምሳሩ ነጠረ። ደግመው ሲመቱ ደግሞ ነጠረ። መዳፋቸው እስኪላጥ ሞክረው ተዉት። ቤት ውስጥ ግን እሳት መንደድ አለበት፤ በባሌ ደጋ ሌሊቱን ያለ እሳት ማሳለፍ ሕፃንና አሮጊት የሚችሉት አይደለም። ስለዚህ እጃቸው ወደሚችለው ሄደ። ክንድ የማያህለውን ለጋ አስታ በጉልበታቸው ሰበሩ፤ የኮሶ ቡቃያ ከሥሩ ነቀሉ። እርጥብ ነውና አይነድም፣ ይጨሳል፤ ስለዚህ የአንድ ሸክም ፍልጥ ሙቀት ለማግኘት ሦስት ሸክም ያስፈልጋል።

ቤት የሚሠራውም ሰው መላ አላጣም። ቀድሞ አንድ የደረሰ ጥድ ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ይወስዳል። አሁን መጣል ስላልቻለ ማታ ፍሙን በገንቦ ይዞ ወጥቶ ከዛፉ ሥር ይከምራል። እሳቱ ግንዱን ቀስ ብሎ ሲበላው ያድራል፤ አንዳንዴ ሥር ለሥር ተሻግሮ ጎረቤት ዛፉን ይይዛል፤ ሰውየው አንዱን ፈልጎ ሦስቱን ይገድላል። ሌሎቹ ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጠው ቆሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ ጀመር። ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም። ሽማግሌዎቹ ከታች ሆነው ጸጥታውን ይሰሙ ነበር።

ጥቂት ቤቶች ፊታቸውን ወደ ኩበት መለሱ። በሁለተኛው ዓመት የገብሱ ማሳ ፍግ አጥቶ ዛላው አጠረ።

ከዚያ የአንዲት ባልቴት የበኩር ልጅ ተጎዳ። ስለታም ምሳር በመታበት ይቀመጣል፤ የዶለዶመ ግን ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ይንሸራተታል፣ የሚያርፍበትንም የመታው ሰው አይመርጥም። ልጁ የደረቀ የወይራ ጉማጅ ሊፈልጥ ሲል ምሳሩ ከጉጡ ላይ ተንሸራቶ የቅልጥሙን አጥንት አገኘው። ዳነ፤ ግን ከዚያ በኋላ እያነከሰ ነው የሚሄደው።

በአርሲ ኦሮሞ ወግ ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለችውን በትሯን ይዛ ከቤት ስትወጣ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሌሎቹም ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል፤ ወንዱም የያዘውን ትቶ መስማት አለበት። ባልቴቷ ሲንቄዋን ይዛ ወጣች። ከኋላዋ የመንደሩ ሴቶች ተከትለው ወይራው ሥር ደረሱ። ሁለት እስር እንጨት አስመጥታ ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠች። አንዱ ጥቂት ቀይ የጥድ ፍልጥ ነው፤ ሁለተኛው ቅጠሉ ያልረገፈ ጭራሮ።

«አባቶቼ» አለች፣ «ይህን ፍልጥ ሟቹ ባሌ ነው ያወጣው። ከወደቀ ግንድ ነው፤ የቆመ ዛፍ አልነካም። ከቆጡ ላይ ለክፉ ቀን አስቀምጬው የቀረኝ ነው። አንዱ ፍልጥ ሌሊቱን ያሳድራል። ይህን ደግሞ ልጄ ከመጎዳቱ በፊት ያመጣው ነው። እባካችሁ ቁጠሩልኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ መቁጠር ጀመሩ፤ መካከል ላይ ጠፋባቸው፤ እንደገና ጀመሩ።

«ምንድን ነው የቆጠሩት አባቴ?»

«ጭራሮ ነዋ።»

«እያንዳንዱ ሥር ነበረው። ለልጅ ልጆቻችን ዛፍ የሚሆነው ይህ አልነበረም?»

ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኛ ለደኑ ብለን እኮ ነው፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ። ለምንጩ ያሰባችሁትን አልክድም። ግን ምሳሩን ስታዶለድሙ ምጣዴን አላዶለዶማችሁትም፤ ብርዱንም አላዶለዶማችሁትም። ሰው የሚያስፈልገው እንዳለ ነው፤ የወሰዳችሁበት የሚመርጥበትን እጅ ነው።»

ወደ ሮቤ መልእክተኛ ተላከ። ቀጥቃጩ አልመጣም። ሁለተኛ ተላከ፤ አልመጣም። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸው ወረዱ፤ ከወናፉ አጠገብ በቆመች ዱካ ላይ ተቀምጠው ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቁትና «ይምጡልን፤ መቀመጫዎ ከእኛ ጋር ነው» አሉት። በዚያን ጊዜ ተነሣ።

መንደር ሲደርስ ወናፉን አልተከለም። መጀመሪያ ደኑን አሳዩኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት፤ እሱ ከጉቶ ወደ ጉቶ እየሄደ ይንበረከካል፣ በአውራ ጣቱ የተቆረጠውን ፊት ይዳብሳል። አንድ አሮጌ፣ ሽበት የለበሰ ጉቶ ላይ ሲደርስ ሣቅ አለና ወደ ትልቁ ሽማግሌ ዞረ።

«ኦቦ፣ ይህን ዛፍ የጣሉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ደነገጡ። እውነት ነበር፤ ያኔ ለልጃቸው ቤት ተፈቅዶላቸው የጣሉት ነው።

«እንዴት አወቁ?»

«ይህችን መስመር ያዩዋታል? ከላይ እስከ ታች የሄደችው፣ ፀጉር የምታክለው። የምሳርዎ ስለት ጥጉ ላይ ተሸርፎ ነበር፤ ሞርጄው ፈጽሞ አልጠፋም። ሹል ብረት እንጨቱን አለስልሶ ይቆርጣል፤ በለሰለሰው ፊት ላይ ጉድለቱን ይጽፋል። እኔ የሳልኩትን ምሳር ሁሉ በጉቶው አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወደ አዲሶቹ ጉቶዎች ሄደ። ፊታቸው የታኘከ ነው፤ ቃጫው ተንጨባሯል፤ አንዳንዱ ተቃጥሏል፣ አንዳንዱ ተዘንጥሏል።

«ይህስ የማን ነው?» አሉት።

«አላውቅም። ማንም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ምሳር በአንድ ድንጋይ ላይ አንድ አደረጋችሁት፤ ታማኙም ሌባውም የሚተወው ቁስል አንድ ሆነ። ከእንግዲህ ማንን ትጠይቃላችሁ?»

በነጋታው ወናፉን ተከለ። የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ከሮቤ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የባሌስትራ ብረት ከተራው ብረት ይልቅ ስለት ይይዛል። ቀጥቅጦ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ከፍሙ ውስጥ ቀይ እስኪሆን አቆየው፤ መርፌ የሚስበውን ማግኔቱን አስጠጋ፣ ብረቱ ማግኔቱን እምቢ ሲል ጊዜው ደረሰ ብሎ አወጣና ዘይት ውስጥ ነከረው። ጭሱ ሲጠራ አንደኛው ሽማግሌ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ይኸው ጠነከረ።»

«ጠንክሯል» አለና ጥጉን በድንጋይ ላይ መታ። ጥጉ እንደ ሸክላ ተፈንጥሮ ሄደ። ዝም ብለው አዩት። «ተነክሮ የወጣ ብረት ጥንካሬ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ጉጥ ይሰብረዋል።» ሌላ ቀጥቅጦ፣ አንድዶ፣ ነክሮ፣ ፊቱን በአሸዋ ካጸዳ በኋላ ከፍሙ ርቆ ከጀርባው በኩል ቀስ ብሎ አሞቀው። ብረቱ ላይ ቀለም መሄድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ገለባ መሰለ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፤ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ አቀዘቀዘው። ይህ ሙቀት ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው፤ ማግኔት የሚያስጥለው ሙቀት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይህኛው 300 እንኳ አይሞላም። ሥራው ግን ከፊተኛው አያንስም፤ ብረቱ ከጥንካሬው ጥቂት ሰጥቶ መቻልን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከወይራ በተጠረበ ዛቢያ ላይ አግብቶ በተጋደመው ጥድ ላይ ሞከረው። ግንዱ ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ስምምነት ረጅም አልነበረም። ለአንድ ቤት አንድ ምሳር። በየምሳሩ ስለት ላይ ቀጥቃጩ የስንዴ ፍሬ የማታህል ጭረት ያበጃል፤ ቦታዋ ለየቤቱ የተለየ ነው። ስለት በተሳለ ቁጥር ጭረቷ ትሳሳለችና ምሳሩ ወደ ቀጥቃጩ መመለስ አለበት፤ እሱም ሲመለስ ያየዋል። ከወደቀው መውሰድ ይፈቀዳል፤ ከቆመው የሚወስድ ሸንጎውን ያስፈቅዳል፤ ሳያስፈቅድ የቆረጠ ጊደር ይከፍላል። ጥቁሩ ድንጋይ ከበሩ ተነሣ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የአስታው ቡቃያ ጉልበት ደረሰ። ምንጩ እንደ ድሮው አልሆነም፤ መቅጠኑን ግን አቆመ።

አንድ ማለዳ አምስት ወጣት ጥዶች ተቆርጠው ተገኙ፤ የአጥር ቋሚ ሆነው ሌሊቱን ወደ ገበያ ወርደዋል። ቀጥቃጩ ተጠራ። ተንበርክኮ ዳሰሰ። የተቆረጠው ፊት ለስላሳ ነው፣ መስመር ግን የለበትም። ሰዉ ተጨነቀ፤ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሌባ ነው የሚልም ነበር። ቀጥቃጩ «ምሳሮቹን አምጡ» አለ። ሁሉም ቀረበ። በሌሎቹ ሁሉ ላይ ጭረት አለ፣ በአንዱ ላይ የለም፤ በሞረድ ተሞርዶ ጠፍቷል። ምሳሩ የዚያ የሚያነክሰው የባልቴቷ ልጅ ነበር።

ሊቆርጥ እንደማይችል ግን ሁሉም ያውቃል። ታናሽ ወንድሙ ከሰዉ መካከል ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ምሳር ስትቆጥሩ አላገባሁም ነበር። አሁን ቤት አለኝ፣ ሚስት አለችኝ፣ ልጅ ሊመጣ ነው። ለአንድ ቤት አንድ ምሳር ብላችኋል፤ የእኔ ቤት ግን ሲቆጠር አልነበረም። ጊደሩን እከፍላለሁ። ከከፈልኩ በኋላስ?»

ሸንጎው ጊደሩን ፈረደ። ለሁለተኛው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረምና ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ያነሣሁት ባሌ ውስጥ ጥቁሩን ድንጋይም ምልክት ያለበትንም ምሳር የሚመስል ነገር ስለተሞከረ፣ አሁንም እየተሞከረ ስለሆነ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ደጋ አጋዘንንና ቀይ ቀበሮን ማዳን ነበር፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው፣ ዓላማውም ትክክል ነበር። ግን የፓርኩ ምድር ከፓርኩ በፊት ሰው ያውቀው ነበር። አርብቶ አደሩ በጎደንቱ ሥርዓት ከብቱን በየወቅቱ ወደ ላይ እያወጣ፣ ሆራ እያጠጣ ሲመለስ ኖሯል። ሕጉ ይህን ሰው አላየውም፤ ይህ የአንተ አይደለም አለው፣ ለማስከበርም በቂ አቅም አልነበረውም። ወሰኑ እንኳ በነጋሪት ጋዜጣ የጸናው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ በፓርኩ ጋይሳይ ሜዳ ያሉት አጋዘኖች በብዛት ተገደሉ። ማን ገደላቸው ቢባል መልሱ የቀጥቃጩ መልስ ነው። ለዓመታት የእኔ ነው እንዳይል የተከለከለ ሰው የማንም ባልሆነው ላይ እጁን ቢያሳርፍ ያሳዝናል እንጂ አያስገርምም።

እሳቱም እንዲሁ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን አስታ እረኞች ከጥንት ጀምሮ እየለዩ ያቃጥሉታል፤ ለጋ ሣር እንዲወጣና አውሬ የሚደበቅበት ጥሻ እንዲቀንስ። የተቃጠለ አስታ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ወጣት እስከሆነ ድረስ ደግሞ በቀላሉ እሳት አይይዝም። ስለዚህ በዕድሜ የተዘበራረቀ ጥሻ ራሱ ለሚቀጥለው እሳት አጥር ይሆናል። ሕጉ ማንኛውንም እሳት ከልክሏል። እረኛው ማቃጠሉን አልተወም። ተደብቆ የሚያቃጥል ሰው ግን ጫፉን ለኩሶ መሸሹ ነው፤ እንደ አባቶቹ ቀን መርጦ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ሰደድ እሳት ለሳምንታት ሲነድ፣ ብዙ ሺህ ሰው ቅጠልና አካፋ ይዞ ሲወጣ፣ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ የእሳት አጥፊዎች ሲመጡ አገሩ ሁሉ አይቷል። የዚያ ዓይነት መከራ እንዳይደገም የሚሻ ሁሉ አስታውን በዕድሜው የሚያውቁትን እረኞች አስቀድሞ ሊያማክር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ምልክት ያለበትን ምሳር ፍለጋ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፓርኩ በምዕራብ፣ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ውስጥ ባሉት በአዳባና በዶዶላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ደኑ በክፍል በክፍል ተከለለ፤ ለአንድ ክፍል 360 ሄክታር ገደማ፣ በእሱ ላይ ከ30 ያልበለጡ አባወራዎች። ለአንድ ቤት 12 ሄክታር ማለት ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈርም፣ የደን ኪራይ ይከፍል፣ በዓመት በተወሰነለት ልክ ይቆርጥ ነበር፤ በምላሹ ውጭውን ሰው የመከልከል መብት አገኘ። የተቆረጠ ጉቶ ሲገኝ የሚጠየቅ ነበረ፤ ጠያቂውም የራሱ ጎረቤት ነበር። ውጤቱ ፍጹም አልነበረም፤ በየማኅበሩም ይለያያል። ግን ሰው በስሙ የተሰጠውን እንደሚጠብቅ እዚያ ታይቷል፤ ለእኔ ከዚያ ወዲህ በባሌ ደን ላይ ለሚወጣ ሕግ ሁሉ መለኪያው ይህ ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ተገቢም ነው። ግን በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ በተንጣለለው ሳነቴ አምባ ላይ ያደረ ሁሉ እንደሚያውቀው በበጋ ሌሊት ውኃው ይረጋል፤ ከዚያ ቁልቁል ያሉት ቤቶችም ከምዝገባው በኋላ እንደ በፊቱ ማታ ማታ እሳት ያነዳሉ። ይህን ሳያነሣ ስለ ጥበቃ የሚናገር ሰው ደኑን እንጂ ባሌን አያውቅም።

የሚያስቸግረው የታናሽ ወንድሙ ጥያቄ ነው፤ ከምሳሌው ወጥቶ አዳባና ዶዶላ ውስጥ ቆሟል። 30 አባወራ ሲቆጠር ሕፃን የነበረው ዛሬ አባወራ ነው። የ12 ሄክታሩ ስሌት ደኑ ምን ያህል ሰው እንደሚችል የሚናገር ስለሆነ 31ኛውን ዝም ብሎ መጨመር ለሁሉም ኪሳራ ነው። ከቆጠራው ውጭ መተው ደግሞ በሞረድ የተጠፋች ጭረት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይቆርጣል። እኔ የምለው ወደ ደኑ ድርሻ ባይገባ ወደ ደኑ ገቢ ይግባ ነው። በዚያው በአዳባና በዶዶላ ተራራ ለሚወጡ እግረኞች የተሠሩ ማረፊያዎች አሉ፤ ወሃሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ። እዚያ ፈረስ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ፍልጥ የሚያቀርበው እሱ ይሁን። በሐረና ደን በኩል ከዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚያወርድ ሰው የቆመ ዛፍ ያስፈልገዋልና ከማንም ዘበኛ የተሻለ ይጠብቃል። ለአጥሩና ለማገዶው በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ይትከል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ግዴታ ይኑርበት፤ በበጋ የእሳት መከላከያ መስመር ሲጠረግ ስሙ ይጠራ። ቆጠራውም አንድ ጊዜ ተዘግቶ የሚቀር ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ የሚከፈት ይሁን፤ ሲከፈትም ያገቡት ወንድሞች ብቻ ሳይሆኑ እንጨቱን ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶችም በስማቸው ይጻፉ።